አመድ የማይወደው አበባ

አቶ ንጉሴ በጋርዴኒያ አበባ ዛፋቸው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው የካሜራ ሰዎችን ይጠብቁ ነበር።

መሞታቸውን የተጠራጠረ የለም፤ ደረታቸው ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደምሴ ግን እሁድ አመሻሹ ላይ ሬሳውን ሲያገኘው «ማንም እንዳይነካው» ብሎ አዟል። «የጁንታውን ግፍ ዓለም ማየት አለበት።» ዓለም ደግሞ ከደሴ ሲመጣ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ ሟቹ አንድ ነጠላ ለብሰው፣ ከነጫማቸው፣ በገዛ አትክልታቸው ውስጥ አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ምክትል ኢንስፔክተር ትርንጎ አስፋው የራሷን በርጩማ አንጠልጥላ መጣች። ጊዜው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ተዋጊዎቹ ወራት የከረሙባትን የመርሳ ከተማን ለቀው የወጡት ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ከትርንጎ ጣቢያ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ በሩም ከነማጠፊያው ተነቅሎ ሄዷል። መርማሪ ቆሞ የጠየቀው ሰው ቶሎ እንዲሄድለት ብቻ ይመልሳል። ተቀምጦ ከጠየቀው ግን እንደማይሄድ ይገባዋል። በርጩማው ለዚህ ነው።

በዚያ ሰሞን በሀብሩ ወረዳ ሰው መሞቱ ወሬ አይሆንም ነበር። ለቀስተኛው ድንኳን ሲያይ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ይጠይቃል። ትርንጎም የመጣችው ሰው ስለሞተ ሳይሆን ሰው ስለታሰረ ነው። ከሟቹ ጋር በግድግዳ የሚዋሰኑት ዳቦ ጋጋሪ፣ አቶ ሙሐመድዘይን፣ «ለጁንታ ጠቁመው አስገደሉ» ተብለው በር በሌለው ጣቢያ ተቀምጠዋል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አንድ የጭነት መኪና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የተያዙትን ሰብስቦ ወደ ወልድያ ይወስዳል። በዚያ መኪና የተጫነ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ጠይቆ የሚያውቅም አልነበረም።

«ሽታው አይገርምም?» አለ ደምሴ አፍንጫውን ወደ አበባው ቀና አድርጎ። የማጠፊያው መስመር ገና ያልጠፋ ዥንጉርጉር የወታደር ጃኬት ለብሷል፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። «ሬሳ አጠገብ ቆመን እንኳ ሙሽራ ቤት ይመስላል።»

«አይሸተኝም» አለች ትርንጎ።

«እንዴት?»

«ከክረምቱ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

ደምሴ ሊያዝንላት አስቦ ተወው። በዚያ ክረምት መርሳ ለከረመ ሰው ይህ የሚያስቀና እንጂ የሚያሳዝን ነገር አልነበረም።

ትርንጎ በርጩማዋን አስቀምጣ ነጠላውን ገለጠች። ሸሚዙ በቀዳዳው ዙሪያ በባሩድ ጠቁሯል። የሟቹ እጆች እስከ አንጓቸው አፈር ናቸው፤ ጥፍሮቻቸው ውስጥ የገባው ገና አልደረቀም። ዶማውን ፈለገች። ዶማው ከመጋዘኑ በር አጠገብ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ታጥቦ።

ከዚያ ግቢውን ዞረች። የጋርዴኒያ ዛፎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ በራፉ ላይ፣ ሌላው ከጣሪያው አሸንዳ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ፣ ሦስተኛው ከዳቦ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር። አቶ ንጉሴ የወደቁት ከዚህ ከሦስተኛው ሥር ነው። ሁለቱ ቅጠላቸው ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። የግድግዳው ግን ገርጥቷል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀርተዋል። እንቡጥ አለው፣ እንቡጦቹ ግን አንገታቸውን ደፍተዋል። ሥሩ ላይ ነጭ አመድ ተነስንሷል፤ አዲስ፣ ጤዛ እንኳ በቅጡ ያልመታው።

«ይህስ አመድ?»

«ለተክል አመድ ያልተደረገ ምን ሊደረግ ኖሯል?» አለ ደምሴ። «ተክሉ ታሞ የለ። ጋሼ ንጉሴ አድርገውበት ይሆናላ። ምስኪን፣ በመጨረሻው ሰዓታቸው እንኳ አበባቸውን ሲያስታምሙ።»

«መቼ የሞቱ ይመስልዎታል?»

«ቅዳሜ ሌሊት ነዋ። ሲወጡ ገድለዋቸው ወጡ። ያ ጋጋሪ ነው ያሳያቸው። ወራቱን ሙሉ ዳቦ ሲያቀርብላቸው ነበር።»

«አቅርብ ቢባሉ እምቢ ይሉ ነበር?»

«እምቢ ማለት ነበረበት።»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«እኔማ ትግሉን ከደሴ እያስተባበርኩ ነበር። ደሴ ስትያዝ ከደብረ ብርሃን። እሁድ ቀትር ላይ ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ጋር ገባሁ። ሕዝቡ ይጨፍራል፣ ይተኩሳል። አመሻሹ ላይ የእህቴን ባል ልየው ብዬ ስመጣ ይኸው።»

ትርንጎ ወደ በርሜሉ ሄደች። በበርሜሉ አፍ ላይ አንድ የተገለበጠ ባርኔጣ አይታ ነበር። ባርኔጣው ውስጥ አንድ የጋርዴኒያ አበባ ተቀምጧል፤ ግንዱ በረጠበ ጥጥ ተጠቅልሏል። አበባው ነጭ አይደለም፤ ቅቤ መስሏል።

*

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ የሻረግ ረፋዱ ላይ ከግራና ደረሱ። ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ከርመዋል። ደረት ይደቃሉ፣ ይወድቃሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ቆመ። እሳቸው ግን ባላቸውን ትኩር ብለው አዩና፣ «ሸሚዙን ማን አጠበለት?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልጠበቁም። ትርንጎ በርጩማዋን ለቀቀችላቸው።

«እትዬ የሻረግ፣ ይህን አበባ ማን ቀጠፈው?» ባርኔጣውን አሳየቻቸው።

«እሱ ነዋ። እንደሱ የሚቀጥፍ የለም። አበባውን በጣት ከነኩት የነኩት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ግንዱን ይዞ ነው የሚቆርጠው። ጥጥ የሚያደርግለት ደግሞ መንገድ ሲኖረው ነው።» የባርኔጣውን ጫፍ ነኩ። «ለኔ ሲያመጣ። ሲሪንቃ ችግኝ ጣቢያ ሲሠራ እንዲህ በባርኔጣው እያደረገ ነበር የሚያመጣልኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከግቢ ወደ ሳሎን ሆነ መንገዱ፣ ጥጡ ቀረ።»

«ቅቤ የመሰለው ለምንድን ነው?»

«የትናንት ስለሆነ። ጋርዴኒያ ነጭ የሚሆነው የፈካ ዕለት ብቻ ነው። በማግስቱ ቅቤ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን የጫማ ቆዳ።»

ትርንጎ ባርኔጣውን ቀስ አድርጋ በርሜሉ ላይ መለሰችው። ሰኞ ነው።

«ባልዎ ለምን አብረውዎት ግራና አልቀሩም?»

«አንድ ሳምንት አብሮኝ ሰነበተ። ከዚያ ውኃ የሚያጠጣልኝ የለም ብሎ ተመለሰ። ሰው ከከተማ ሲወጣ እሱ ወደ ከተማ፣ ለአበባ ብሎ። ያልሳቀበት የለም።» ወደ ገረጣው ተክል አዩ። «በተመለሰ በወሩ ‹የግድግዳው ታመመብኝ› ብሎ ላከብኝ። የቧንቧ ውኃ አይስማማውም፣ ኖራ አለበት። የዝናብ ውኃ በሎሚ ያጠጣዋል። አልድን አለው። ሰላም ሲሆን ነቅዬ አፈሩን እለውጥለታለሁ፣ ሥሩ ላይ የሆነ ነገር አለ ሲል ነበር።»

«ያን ሳምንት ቤቱን ማን ጠበቀ?»

«ወንድሜ። ቁልፉን ለደምሴ ነው የሰጠነው» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ጠበቀልን። ከተማውን እንደጠበቀው አድርጎ።»

*

ከጓሮው ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ይታገሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። እግሩ ሥር አንድ አሮጌ ክላሽ አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ፣ ትርንጎ ገና በርጩማዋን ሳታስቀምጥ።

«እሺ። እንዴት?»

«ይኼን እየሸሹ ጥለውት አገኘሁ። እሁድ ሰው ሁሉ ሲተኩስ እኔም ካርታውን ሙሉ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮስኩት። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ኢንስፔክተር። የወጣ ይወርዳል። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ተኮስኩ።»

«ተማሪዎችህ ፊዚክስ ያልፋሉ?»

«ጥቂቶቹ።»

«አንተ ወድቀሃል። ከሰማይ የወረደ ጥይት አናት ወይ ትከሻ ነው የሚመታ። ጋሼ ንጉሴን የመታው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነው፤ ሸሚዛቸውን እስኪያቃጥል ቀርቦ።»

ይታገሱ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ነጻ መውጣቱ ደስ ያሰኘው አይመስልም፤ የያዘውን ዕቃ የቀሙት ሰው ይመስላል።

«መሣሪያ መያዝ ከየት ለመድክ?»

«አልለመድኩም። ሐምሌ ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮሴፍ፣ የሰፈሩ ልጆችም፣ ለከተማው ከመጣው ክላሽ ስጡን ብለን ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድን። ‹ሁሉም ግንባር ሄዷል፣ በእጃችሁ ባለው ተከላከሉ› አለን። በእጃችን የነበረው ዱላ ነው። በዱላ ወደ ጉባ ላፍቶ ወጣን።»

«ዮሴፍስ?»

«ዱላውን ይዤለት ተመለስኩ» አለ ይታገሱ።

ዱላው በሩ ጀርባ ቆሟል። ትርንጎ አየችው፣ አላነሳችውም።

*

አቶ ሙሐመድዘይን ጣቢያው መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። በበሩ ፋንታ አንድ ሚሊሻ በራፉ ላይ ተቀምጧል። ሚሊሻው ለምሳ ሲሄድ እስረኛው «ኧረ ቶሎ ና፣ ሌባ ይገባል» ይሉታል።

«ምን የሚሰረቅ አለና ነው፣ ጋሽ ሙሐመድዘይን?» አለች ትርንጎ።

«እኔ አለሁ አይደል፣ ልጄ።» ቦታ ለቀቁላት፤ በርጩማዋን አይተው መልሰው ያዙት። «ንጉሴን ቀበሩት? አላህ ይርሐመው።»

«ካሜራ እየተጠበቀ ነው።»

«ሱብሐነላህ። ፎቶ መነሳት እንዴት እንደሚጠላ።»

«ከሳቸው ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሃያ ዓመት ተጣልተናል። በአመድ። የኔ ምድጃ በእንጨት ነው የሚነድ፣ አመዱን ከጓሮ እደፋ ነበር። ነፋሱ ግድግዳውን አሻግሮ አበባው ላይ ይጥለዋል። አበባው አመድ አይወድም። ሌላው ተክል ሲደሰት እሱ ይሞታል። ንጉሴ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ‹ሙሐመድዘይን፣ አመድህን ያዝ› ይላል። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቅን። ከዚያ ወዲህ አመዴን በጋሪ አስጭኜ ከመንገዱ ማዶ ነው የማስደፋው። ታርቀንም ግን ያችን ቃል አልተዋትም። ጠዋት ጠዋት ሰላምታው እሷ ሆነች። ‹አመድህን ያዝ› ይለኛል፣ ‹ይዣለሁ› እለዋለሁ። እንዲህ አደርን ማለት ነው።»

«መጨረሻ የሰሙት መቼ ነው?»

ሽማግሌው አይናቸውን አንስተው አዩዋት። «እውነቱን ብነግርሽ ይጎዳኛል። እሁድ ነው። ለገባው ሠራዊት ዳቦ እየጋገርኩ ነበር፤ መጀመሪያ ለነዚያ፣ ቀጥሎ ለነዚህ፣ ምድጃው አይለይም። ዶማ ሲቆፍር ሰማሁ። ‹አመድህን ያዝ› አለኝ። ‹ይዣለሁ፤ ዛሬ እንኳ አትቆፍር እንጂ፣ አገር እየጨፈረ› አልኩት። ‹የሻረግን ላመጣ ወደ ግራና መሄዴ ነው፣ ከመሄዴ በፊት ይኼን በሽተኛ ልየው› አለ። ማታ ደምሴ ቅዳሜ ነው የሞተው ሲል፣ ኧረ እሁድ አነጋግሮኛል አልኩ። ወላሂ፣ ያን ካልኩ በኋላ ነው ጠቋሚ የሆንኩት።»

ትርንጎ ተነሣች። በርጩማዋን ግን አልያዘችም።

«እስከ ነገ ይቀመጡበት» አለቻቸው።

*

የካሜራ ሰዎቹ ሰኞም ቀሩ። ወይዘሮ የሻረግ ማንንም ሳያስፈቅዱ ባላቸውን አስነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ ግቢው ስትደርስ የግድግዳው ጋርዴኒያ እንቡጡን በሙሉ አራግፎታል። ትናንት የደፉት አንገቶች ዛሬ መሬት ላይ ናቸው። የሌሎቹ ሁለቱ እንቡጥ ባለበት አለ። ጎንበስ ብላ ግንዱን በሁለት ጣት ወዘወዘችው። እንደሚነቀል ጥርስ ተንቀሳቀሰ።

ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ደምሴ ተነሥቶ «ሰማዕት» የምትል ቃል ያለችበት ንግግር ጀምሯል። ትርንጎ ንግግሩን አላቋረጠችም፤ ቃሉን ሲጨርስ ብቻ ሁሉም ወደ ግድግዳው እንዲመጡላት ጠየቀች። ሚሊሻው አቶ ሙሐመድዘይንን አምጥቷቸዋል፤ በርጩማው በእጃቸው ነው። ይታገሱ ዶማውን ከምስማሩ እንዲያወርድ ታዘዘ። ሰዉ ለምን ሳይል ቆመ። ያ ክረምት ሰዉን ለምን አለማለትን አስተምሮት ነበር።

«ጋሽ ሙሐመድዘይን እኩለ ቀን ላይ ይጫናሉ» አለች ትርንጎ። «ክሱ፣ ቅዳሜ ሌሊት ለሚወጡት ተዋጊዎች ጋሼ ንጉሴን አሳይተው አስገደሉ ነው። እንግዲህ ከቅዳሜ እንጀምር።» ባርኔጣውን አነሣች። አበባው ዛሬ የጫማ ቆዳ መስሏል። «ይህን ጋሼ ንጉሴ ቀጥፈው፣ ግንዱን በጥጥ ጠቅልለው በርሜሉ ላይ አስቀመጡት። ትናንት ሳየው ቅቤ ነበር። እትዬ የሻረግ፣ በማግስቱ ቅቤ የሚሆነው መቼ የፈካ ነው?»

«የዋዜማው» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «እሁድ የፈካ ነው።»

«ስለዚህ እሁድ በሕይወት ነበሩ። ከተማው ውስጥ አንድም ተዋጊ አልነበረም።»

«አሁን አበባ ሊመሰክር ነው?» አለ ደምሴ ወደ ሰዉ ዞሮ። የሳቀለት የለም።

«ብቻውን ከሆነ አይበቃም» አለች ትርንጎ። «እጃቸው አፈር ነበር፤ ዶማው ግን ታጥቦ ተሰቅሏል። የሞተ ሰው ዶማ አጥቦ አይሰቅልም። እሳቸው ሲቆፍሩ ሞተው፣ ሌላ ሰው ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ዶማውን አጥቦ ሰቀለው። የት እንደተቆፈረ ደግሞ ተክሉ ራሱ እየነገረን ነው። ሥሩ ሲነካ እንቡጡን ይጥላል። ሦስት ተክል አለ፣ የጣለው አንዱ ነው።»

ሰዉ መሬት ላይ ወደ ረገፉት እንቡጦች አየ።

«የደፈነው ሰው ትኩሱ አፈር እንዳይታወቅበት አመድ ነሰነሰበት። ትናንት አመዱን ሳይ እኔም ወደ ዳቦ ቤቱ ነው የዞርኩት። ጋሽ ሙሐመድዘይን፣ እርስዎ ይህ ተክል ላይ አመድ ያደርጉ ነበር?»

«በሃያ ዓመት ጠብ የተማርኩትን አልረሳም።»

«አይረሱም። ጋሼ ንጉሴም አያደርጉትም። እትዬ የሻረግም። ይታገሱም እዚህ ግቢ ሲኖር ያችን የጠዋት ሰላምታ በየቀኑ ሰምቷል። አመድ የሚያደርግ ሰው ይህን ቤት የሚያውቀው በሳሎኑ በኩል ብቻ ነው። ትናንት አቶ ደምሴ ‹ለተክል አመድ ያልተደረገ ምን ሊደረግ ኖሯል› አሉኝ። ጋሼ ንጉሴ ራሳቸው ያደረጉት መሰላቸው።»

ደምሴ ትንሽ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ይህን የሀብሩ ገበሬ ሁሉ ይልሻል።»

«ልክ ነዎት፤ ሁሉም ይለኛል። ሐምሌ ላይ የዚህ ግቢ ቁልፍ የነበረው ግን ሁሉም ጋ አይደለም። ጋሼ ንጉሴ ከግራና በተመለሱ በወሩ ነው ተክሉ መታመም የጀመረው፤ ሥሩ ላይ የሆነ ነገር አለ ሲሉ ከርመዋል። ያኔም አመድ ተደርጓል፣ ግን ከላይ ሳይሆን ከታች። በዚህ አገር አመድ ከመሬት በታች የሚደረገው ለምንድን ነው፣ ጋሽ ሙሐመድዘይን?»

«ለምስጥ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እንጨት ያለው ነገር ሲቀበር።»

«ይታገሱ፣ ቆፍር።»

ይታገሱ ቆፈረ። አፈሩ ልል ነበር። ተክሉን ወይዘሮ የሻረግ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ከነአፈሩ አወጡት። ከሥሩ አመድ፣ ከአመዱ ሥር ሸራ ወጣ። ሸራው ሲገለጥ የክላሽ ሰደፎች ተደርድረው ታዩ፣ አዲስ፣ ቀበቶ እንኳ ያልገባላቸው። ሐምሌ ላይ ለከተማው የመጡት፣ ደምሴ ፈርሞ የተረከባቸው፣ ግንባር ሄደዋል የተባሉት።

ማንም አልጮኸም። አንዲት ሴት ብቻ የሞተ ልጇን ስም አንዴ ተናገረች፣ የጠፋባትን ዕቃ እንዳገኘች ሁሉ።

«ጠላት እጅ እንዳይገባ ነው» አለ ደምሴ።

«ጠላት ሳይመጣ ጠይቀንዎት ነበር» አለ ይታገሱ።

«አንተ አስተማሪ ነህ፤ አሠራር አታውቅም። ለማን እንደሚሰጥ መመሪያ አልወረደም ነበር። ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጠፉ እኮ» አለ ይታገሱ። «ልጆቹ።»

ወይዘሮ የሻረግ ተክሉን እንደታቀፉ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ባሌንስ?»

ደምሴ ሽጉጡን ሚሊሻው ከወገቡ ሲያወጣበት አልተከላከለም። «እቴ፣ ለመንኩት። ዕቃው መኖሩን ላይ ብዬ ብቅ ስል ቆፍሮ አግኝቶታል። ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ ተወው፣ ነገ እንነጋገር አልኩት። ‹የልጆቹ እናቶች ዛሬውኑ ይወቁ› አለ። ወደ በሩ ሊሄድ ተነሣ። ውጪ ይተኮሳል።» እጁን ዘረጋ። «አንድ ጥይት ናት» አለ፤ ዋጋ እንዲቀንሱለት የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ይታገሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ አንዱን ክላሽ አነሣ። ሰደፉን በመዳፉ ጠረገው፤ እንጨቱ አንጸባረቀ።

«ምስጥ አልነካውም» አለ። «አመዱ ሠርቷል።»

*

የጭነት መኪናው እኩለ ቀን ላይ ደረሰ።

«ከመርሳ አንድ ሰው ነው የተባልኩት» አለ ሾፌሩ።

«አንድ ሰው ነው» አለች ትርንጎ። ደምሴ ተጫነ።

የመኪናው አቧራ ሳይረጋ የካሜራ ሰዎቹ መጡ፤ ጎማቸው ተሠርቶላቸዋል። «ግፉ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ትርንጎ ወደ ተዘረጋው ሸራ ጠቆመቻቸው። አንደኛው ካሜራውን ሊያወጣ ቦርሳውን ከፈተ፣ ክላሾቹን አየ፣ የቆሙትን እናቶች አየ፣ ቦርሳውን መልሶ ዘጋ። ሻይ የት እንደሚገኝ ጠይቀው ሄዱ።

ግቢው ውስጥ አቶ ሙሐመድዘይን ኮፍያቸውን አውልቀው አመዱን ከጉድጓዱ በእጃቸው እየዛቁ ይሞሉበታል። ሲሞላ ይዘውት ይወጣሉ፣ መንገዱን ተሻግረው ይደፉታል፣ ይመለሳሉ። ምድጃቸው ከእሁድ ጀምሮ ጠፍቷል። ማንም አልረዳቸውም፤ ሥራው የሳቸው እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዴ በግድግዳው በኩል ሲያልፉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ይዣለሁ» አሉ።

«ይተርፋል?» አለች ትርንጎ።

«እንጃ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። ተክሉን ከጥላው ሥር አሳርፈው ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነውታል። «ሎሚ ከግራና አስልካለሁ። በርሜሉ ውስጥ ገና የክረምቱ ውኃ አለ።» በራፉ ላይ ካለው ዛፍ አንድ ዛሬ የፈካ አበባ ግንዱን ይዘው ቆርጠው ሰጧት።

ትርንጎ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። ምንም የለም። ትንሽ ቆየች፣ እንደገና አስጠጋችው። ሳታስበው በአውራ ጣቷ ነክታው ኖሯል፤ ለጊዜው ምንም አይታይም፣ ማታ ግን ቡናማ ይሆናል።

«ይሸታል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ይሸታል» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

ትርንጎ ቃላቸውን ተቀበለች። አበባውን ኪሷ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ በርጩማዋን አንስታ፣ በር ወደሌለው ጣቢያዋ ሄደች።